የብርቄ ጫማ ማኅሌት የቆመ ጊዜ

የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመጣ የጥርስ ብሩሽ ይዛልኝ መጣች። የቀሩት ጥርሶቼ ብሩሽ ሳይሆን ጸሎት የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ ቢሆንም ተቀበልኩ፣ መረቅኩ። ከዚያ ወዲህ ብሩሹ አፌ ውስጥ ከቆየው ይልቅ እጄ ላይ የተገላበጠው ይበልጣል። እጀታው ሁለት ዓይነት ነው። ውስጡ እንደ ቀንድ የጠነከረ ነጭ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላዩ ደግሞ እንደ ጆሮ ጫፍ የለሰለሰ ሰማያዊ። ስፌት የለው፣ ሙጫ የለው። ሁለቱ ተቃቅፈው የተወለዱ ነው የሚመስሉት።

«ምኑን ነው እንዲህ የምታዪው፣ እማማ?» አለችኝ።

«ማን እንዳቃቀፋቸው።»

«ፋብሪካ ነዋ።»

ፋብሪካ ነዋ። ልጅ ሁሉንም ነገር እንዲህ በአንድ ቃል ትጨርሰዋለች። እኔ ግን አንድ ሰው፣ ፋብሪካውም ውስጥ ቢሆን፣ ተቀምጦ እንደተጨነቀ አውቃለሁ። የትኛው ቀድሞ ይፍሰስ? የትኛው ይከተል? በየት ይግባ? ውስጥ የነበረው አየር በየት ይውጣ? ሁለቱ እንዳይኳረፉ ምን ይደረግ? ይህን ጭንቀት አውቀዋለሁ፤ አንድ የገና ጾም ሙሉ ተጨንቄዋለሁ፤ ያውም ፋብሪካ የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፣ አንኮበር፣ እቤታችን። ስለዚህ ነገሬ ቢዞርባችሁ አትፍረዱብኝ። እኔ መሄድ የተማርኩት አንኮበር ነው፤ እዚያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ የለም፤ ዞሮ ዞሮ ግን ያደርሳል።

ባለቤቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማረውና። ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የመጣነው እሳቸው ለደብሩ ማኅሌት ሲፈለጉ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ እንግዳ ይወዳል። መጀመሪያ እጅ ይጨብጣል፤ ከጨበጠ በኋላ ደግሞ አይለቅም። የመሪጌታን ቀኝ እጅ ጨበጠና ጣቶቻቸውን እንደ ደረቅ ጭራሮ አደረጋቸው። መቋሚያቸው፣ ያው ካህናት ማኅሌት የሚቆሙበት ዘንግ፣ የላይኛው ራሱ ከቀንድ የተሠራ ነበር፤ ከመምህራቸው የወረሱት። ቀንድ ደግሞ በውርጭ ጊዜ ከበረዶ አይለይም። በዚያ ላይ ያንሸራትታል።

አንድ እሑድ ማኅሌቱ ሞቅ ባለበት ሰዓት መቋሚያው ከእጃቸው አመለጠና አጠገባቸው የቆሙትን ደብተራ ጣት ቀጠቀጠ። ደብተራው ጨዋ ሰው ናቸው፣ ዜማውን አላቋረጡም፤ ብቻ ድጓው ላይ የሌለ ከፍታ ጨመሩበት። ሲያልቅ የደብሩ አለቃ፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ፣ መሪጌታን ወደ ጥግ ጠሩና «ከእንግዲህ ተቀምጠው ያርሙን፤ እስካሁን የቆሙት ይበቃል» አሏቸው።

ለሌላ ሰው ይህ ክብር ነው። መሪጌታ ግን ቤት ገብተው ነጠላቸውን ሳያወርዱ መደብ ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ?»

«ተቀመጥ ተባልኩ።»

«እና ቁጭ ብለው መምራት አይቻልም?»

«ይቻላል» አሉ። «መዝሙረኛ የሚሆነው ግን የቆመው ነው። የተቀመጠው አድማጭ ነው።» ከዚያ እስከ ገና እንዲታገሷቸው አለቃን እንደለመኑ ነገሩኝ። በገና መቋሚያው ከእጃቸው ካልወደቀ ይቆማሉ፤ ከወደቀ ይቀመጣሉ። ነገሩ ይኸው ነው። በገና መቋሚያው እንዳይወድቅ ማድረግ የእኔ ሥራ የሆነው ማንም ሳያዘኝ ነው፤ የቤት ሴት ሥራዋን የሚያዛት የለም፣ ሥራው ራሱ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

መጀመሪያ የመቋሚያውን ራስ የበግ ለምድ አለበስኩት። ጓደኞቻቸው «መሪጌታ፣ ቅዳሴው ላይ እንዳይጮህብን» ብለው ቀለዱባቸው። የበጉን ለምድ አይጥ ስትበላው ሁላችንም ተገላገልን። ቀጥሎ ጨርቅ ጠመጠምኩ፤ ጨርቁ በቀንዱ ላይ እየዞረ መሪጌታ ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ እሱ ወደ ምዕራብ ይዞር ጀመር።

ያን ጊዜ የላስቲክ ዕቃ ገበያችን መግባት የጀመረበት ዘመን ነው። እኔም አንድ የላስቲክ ባልዲ ነበረኝ፤ ከቆርቆሮ ይቀላል ብዬ ገዝቼ፣ በቅሎ ረግጣው የተሰነጠቀ። ገበያ ዳር ቆርቆሮ ወደሚበይዱት ወደ ጋሽ ወሰን ወሰድኩት። ቢላ አግለው ስንጥቁ ላይ አሳለፉበት። ባልዲው እንደ ሰም ቀለጠ፤ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እንደ ቀንድ ደነደነ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጋሽ ወሰን፣ ይሄ ነገር ለስላሳም አለው?»

«አለው እንጂ። የላስቲክ ጫማውን አላየሽም? ጫማው ለስላሳ፣ ባልዲው ጠንካራ። ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን አይነጋገሩም።»

«እንዴት አይነጋገሩም?»

«አንዱን ባንዱ ላይ አፍስሽና ይቀዝቅዝ። ያኮርፉና ይላቀቃሉ።»

እንግዲህ ሐሳቡ ያኔ ገባኝ። የመቋሚያው ራስ ውስጡ ጠንካራ አጥንት ይሁን፣ ዘንጉን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ። ላዩ ለስላሳ ሥጋ ይሁን፣ የመሪጌታን እጅ የማያንሸራትት፣ ብርድም የማይዘው። ባልዲው አጥንት፣ ጫማው ሥጋ። ይህን ለመሪጌታ ስነግራቸው «በጾም ቤቴ ሥጋና አጥንት ሞላ በይኛ» አሉ።

ጫማ ከየት ይምጣ? ጎረቤቴ ብርቄ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ ነበራት። በሬሳ የሚባለው ወንዛችን ዳር ልብስ ስታጥብ አንዱን ውሃ ወስዶባት ሌላው ብቻውን በር ላይ ተቀምጦ ነበር። ብርቄ አፏ እንደ ምላጭ፣ ልቧ እንደ ቅቤ የሆነች ሴት ናት።

«ብርቄ፣ ያን ጫማ ስጪኝ።»

«ለምንሽ?»

«ለመሪጌታ መቋሚያ።»

«አንቺ፣ ብርዱ ጭንቅላት ድረስ ወጣብሽ እንዴ?» አለችና ሄዳ አመጣችው። «እንኪ። አንድ እግሬን ጅብ እስኪበላው ልጠብቅ?»

አሁን ንድፍ ላይ ደረስኩ። ሌላው ሰው ወረቀት ላይ ይሥላል ይባላል። እኔ ከወረቀት ይልቅ ምግብ ይታዘዘኛል። ከድንች አጥንቱን ጠርቤ አወጣሁ። በላዩ የገብስ ሊጥ ለበጥኩና ሥጋውን አየሁት። ይህን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ አንድ ፎርማ፣ ያው የማፍሰሻ ቅርጽ፣ አይበቃም። ለድንቹ ብቻ አንድ ጠባብ ፎርማ፣ ለድንቹ ከነሊጡ ደግሞ አንድ ሰፊ ፎርማ ያስፈልጋል። መጀመሪያ አጥንቱ በጠባቡ ይወለዳል፤ ቀጥሎ አጥንቱን ሰፊው ውስጥ አስቀምጦ ዙሪያውን በተረፈው ባዶ ቦታ ሥጋውን መሙላት ነው። በጣም ደስ አለኝ። ሊጡ ደርቆ ቅርጹን እንዲይዝ ምድጃ ዳር አስቀምጬ ሸክላ አፈር ልቆፍር ወጣሁ።

ስመለስ መሪጌታ ከቅዳሴ ገብተዋል። እጃቸውን እያራገፉ ነው።

«ድንቹ ጥሩ ነበር» አሉኝ። «ጨው ብቻ ጎድሎታል።»

«የቱ ድንች?»

«ምድጃ ዳር የነበረው። ሊጥ የለበሰው። አዲስ ሞያ ነው?»

«መሪጌታ፣ መቋሚያዎን ነው የበሉት።»

ዝቅ ብለው ሆዳቸውን አዩ። «ድንችና ገብስ ነው፣ ጾም አይገድፍም» አሉ። «ሌላ ሥሪ። በዚያውም ጨው ጨምሪበት።»

ሌላ ሠራሁ። በዚህኛው ግን ብልጥ ሆንኩ፤ ወይም ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሊጡን ለብጬ «እስቲ እጅዎን ይስጡኝ፣ ጭብጥ ያድርጉት» አልኳቸው። ጨበጡት። የእያንዳንዱ ጣታቸው ቦታ እንደ ማኅተም ታተመ። እንዲህ ከሆነ ጣት ሁሉ ቦታውን ያገኛል፣ መቋሚያውም አያመልጥም። የጣቶቹን ጉድጓድ እያየሁ ራሴን አደነቅኩ። ሰው ራሱን ሲያደንቅ አጠገቡ ሰው ባይኖር ጥሩ ነው።

የሁለቱንም ፎርማ ሸክላ ለሁለት ለሁለት ከፍዬ፣ ግማሹን በግራ ግማሹን በቀኝ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ የሚገጣጠም አድርጌ ሠራሁና ተኮስኩት። ከዚያ መከራው ተራ በተራ መጣ።

አንደኛው መከራ ቅቤ ነው። ላስቲኩ ሸክላው ላይ እንዳይጣበቅ ፎርማውን ቅቤ ልቀባ ስል መሪጌታ ደረሱ።

«ምንድነው እሱ?»

«ቅቤ። እንዳይጣበቅ።»

«በጾም? ቅቤ የተቀባ መቋሚያ ይዤ ማኅሌት ልቁም?»

«አይበሉትም እኮ።»

«የቀደመውም የሚበላ አልነበረም፤ በላሁት» አሉኝ። በቅቤው ፈንታ የኑግ ዘይት ቀባሁ። ሸክላው ዘይቱን ጠጥቶ ላስቲኩን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ፎርማውን ሰብሬ አወጣሁት። ሌላ ፎርማ ተሠራ። በመጨረሻ የተስማማነው በአመድ ነው። የተነፋ አመድ ተነሰነሰበት፣ አልተጣበቀም። አመድ ጾመኛ ነው።

ሁለተኛው መከራ አየር ነው። የቀለጠውን ባልዲ በፎርማው ቀዳዳ ሳፈስ ሞላ መሰለኝ፤ ስከፍተው ግን አጥንቱ መሐሉ ባዶ ነው፣ እንደ ተበላ ጥርስ። ለጋሽ ወሰን አሳየኋቸው።

«አየሩን የት አስቀመጥሽው?» አሉኝ።

«የምን አየር?»

«ፎርማው ባዶ ነበር ብለሽ ነው? ሙሉ ነበር፣ አየር ሞልቶት። እንግዳ ሲገባ የተቀመጠው ተነሥቶ መውጫ ይፈልጋል።» በሌላኛው ጫፍ የስንዴ አገዳ የምታህል ቀጭን መውጫ አበጀሁለት። ከዚያ በኋላ ሞላ። በታኅሣሥ ብርድ ግን ሸክላው ከቀዘቀዘ ላስቲኩ ግማሽ መንገድ ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ ፎርማውን አሙቄ በባና ጠቅልዬ አፈሰስኩበት። ብርቄ በዚያ ስታልፍ «ሕፃን አላችሁ እንዴ?» ብላ ገባች።

ሦስተኛው መከራ ጫማው ነው። ባልዲው ሲቀልጥ ይፈሳል፤ ጫማው ግን ሲቀልጥ እንደ ሙጫ ይንጠለጠላል እንጂ አይፈስም። ጭሱስ? ደጅ ነው የማቀልጠው፣ ቢሆንም መንደሩን አዳረሰው። አንዱ ጎረቤት «በጾም ምን እየጠበሱ ነው?» ብሎ አጥር ላይ ብቅ አለና ሽታው ሲደርሰው ለእኛ አዝኖ ተመለሰ። ጋሽ ወሰን «ካልፈሰሰ ይገፋ» አሉና አጭር የብረት ቱቦ ሰጡኝ። በእሳት የለሰለሰውን ጫማ ቱቦው ውስጥ ጨመርኩ፤ በላዩ ዘነዘናውን አስገብቼ ወደ ፎርማው ቀዳዳ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ገባ። በዚያ ሰሞን የወቀጥኩት በርበሬ ጫማ ጫማ ማለቱን መሪጌታ በትዕግሥት አሳለፉት።

ገባ አልኩ እንጂ፣ የጋለው ጫማ ሲገባ ውስጥ የነበረው አጥንት ቀልጦ አብሮ ተጨማለቀ። ወጥቶ ሲታይ የታመመ ዱባ ነው የሚመስል። ይህኛው አስለቀሰኝ። ባልዲው እያለቀ፣ ገና እየቀረበ፣ መሪጌታም ማታ ማታ ጣቶቻቸውን እሳት ዳር እየዘረጉ እየሰበሰቡ፣ እንደማላይ አድርገው።

መፍትሔውን የሰጠኝ ያው ጣታቸውን የነሣን ውርጭ ነው። አዲስ አጥንት አወጣሁና ደጅ፣ ሣሩ ላይ፣ ውርጭ ሲወርድበት አሳደርኩት። ጠዋት በረዶ ሆኖ ሳገኘው ወዲያው ወደ ሞቀው ፎርማ አስገባሁትና ጫማውን ገፋሁበት። ቀዝቃዛው አጥንት ሙቀቱን ቻለው። እንዳያኮርፉ ደግሞ ቀድሜ አጥንቱን በወስፌ እየበሳሁ ዙሪያውን ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጌዋለሁ፤ የለሰለሰው ጫማ በየቀዳዳው ገብቶ ደነደነ፣ ጣት በጣት እንደተቆላለፈ እጅ። አጥንቱም መሐል ላይ እንዲቆም፣ ወደ አንድ ጎን እንዳይተኛ፣ በአጋም እሾህ ደግፌው ነበር። ፎርማውን ስከፍት ነገሩ ወጣ። አረንጓዴ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የመሪጌታ ጣቶች ሁሉ ያሉበት። ሁለቱን ላላቅቃቸው ብሞክር አልላቀቅ አሉ። እውነቴን ነው፣ ልጅ ስወልድ ያን ያህል አላየሁትም፣ ያን ያህል አላገላበጥኩትም።

ቀንዱን አውልቄ ዘንጉ ላይ ገጠምኩት፤ መሪጌታም ጨበጡት። ዘንጉን መሬት መታ መታ አደረጉት። አወዛወዙት። አልወደቀም።

«እመት አንጥረኛ» አሉኝ። ለእኔ ይህ በቃኝ።

የታኅሣሥ ገብርኤል ከገና ትንሽ ቀደም ይላልና ለመሞከሪያ ይዘውት ሄዱ። ጠዋት ሲመለሱ ክንዳቸውን ከጎናቸው ራቅ አድርገው ነው የሚራመዱት፣ እንደ ዶሮ።

«ወደቀ?» አልኩ።

«ኧረ አልወደቀም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ብብታቸውን አሳዩኝ። ቆዳው ተልጧል፤ በላዩ የጣቶች መልክ ተሰልፏል። የራሳቸው እጅ ብብታቸውን ሌሊቱን ሙሉ በጥፊ ሲመታ ያደረ ይመስላል።

«መቋሚያ በእጅ አይደል እንዴ የሚያዝ?» አልኩ።

«በእጅማ ዝማሜው ላይ፣ ሲወዛወዝ ነው። ሌሊቱን የሚቆመው ተደግፎ ነው፣ በብብት።»

ቁጭ አልኩ። እስቲ አስቡት። እኔ መቋሚያ የማውቀው በጥምቀት አደባባይ ሲወዛወዝ ነው፣ ቤት ውስጥም ግድግዳ ተደግፎ ነው። ሌሊት ማኅሌት ሲቆም እኛ ሴቶች በእኛ በኩል ነን፤ መጋረጃውና ግድግዳው መሐል አለ፤ ዜማው ይደርሰናል፣ ሰዎቹ እንዴት እንደቆሙ ግን አናይም። ስንት ዓመት ሙሉ ለዚያ ዘንግ ዘይት የቀባሁ፣ አቧራ የጠረግኩ ሴት፣ ሰውየው ምኑ ላይ እንደሚያሳርፉት አላውቅም።

«ልኩን ስወስድ ለምን አልነገሩኝም?»

«እጅዎን ይስጡኝ አልሽ። ሰጠሁሽ። ብብትዎን ብትዪ እሱንም እሰጥሽ ነበር።»

ይህን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ እንዳይነካቸው እየተጠነቀቁ።

እንደገና ልክ መውሰድ ሆነ። ሥጋውን በቢላ ልጬ አጥንቱ ላይ እርጥብ ሸክላ ለጠፍኩና «አሁን ልክ ማኅሌት እንደሚቆሙት ይቁሙልኝ» አልኳቸው። በደኅነኛው ብብት ተደገፉት። ሳያውቁትም ማንጎራጎር ጀመሩ፣ እኔም ዜማው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ሲያነሡት ጭቃውን አየሁ። እኩል የተጫነ መስሎኝ ነበር። ጭቃው ግን፣ ግራ እግሩን የሚያሳርፍ ሰው እንደተደገፈው፣ ወደ ቀኝ ጎን ሰምጧል፣ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ፤ በሌላው ጎን ምንም አልነካውም።

«ግራ ጉልበትዎን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?»

ደነገጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ጭቃው።»

ጭቃውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፣ ፊት ለፊቱ ምስክር እንደቆመበት ሰው። «ከአንኮበር ዳገት ጀምሮ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የእጄ ነገር ሲወራ ዝም አልኩ። እጅ ይሻላል ብዬ። እጅ ሲያምህ ያዝኑልሃል፤ እግር ሲያምህ ያስቀምጡሃል።»

ያን ቀን ብዙ አሰብኩ። የእሳቸውን ሌሊት ሁሉ በዜማ ነበር የማውቀው፤ በክብደት አላውቀውም ነበር። ስንት ዓመት እንዴት አደሩ ስላቸው ደኅና ይሉኛል፣ እኔም እቀበላለሁ። አንድ እፍኝ ጭቃ ግን አንዴ ተጭነውት እውነቱን ያዘ። ከዚያ ወዲህ ሰው ደኅና ነኝ ሲለኝ እግሩን አያለሁ።

አዲሱ ፎርማ ጣት የለበትም። ላዩ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ጭቃው በሰመጠበት በኩል ደግሞ ሥጋው ወፈር ይላል፣ ክብደቱን እንዲቀበል። ነገር ግን ወፍራም ሥጋ ብዙ ላስቲክ ይፈልጋል፤ ያለኝ አንድ ጫማ ነው፣ እሱም በመከራው ግማሹ ጭስ ሆኗል። በዚህ ጭንቀት ላይ እያለሁ ብርቄ ከች አለች፤ ፊቷ በርቷል። በእጇ ሌላኛው አረንጓዴ ጫማ አለ። ከበሬሳ ወንዝ ወረድ ብሎ ድንጋይ ሥር ተወትፎ ተገኝቷል።

«እንግዲህ ጓደኛውን መልሺልኝ» አለች።

«ጓደኛው ማኅሌት ቆሟል።»

«ምን አልሽ?»

ነገርኳት፣ ብብቱንም ጉልበቱንም ሁሉንም። ጫማዋን አየችው፣ እኔን አየችኝ። እንደ ልማዷ ስትሳደብ ልሰማ ተዘጋጀሁ። ጫማውን እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ይሄም ይሂድ። ባልና ሚስት ለምን ይለያያሉ» አለች። «መሪጌታ ግን በጸሎት ጊዜ ስሜን ያንሱ።»

ሁለተኛውን ራስ ሠራሁት፤ ውርጩም፣ ባናውም፣ ዘነዘናውም እንደ ቀድሞው። በዚህኛው ምንም አላበላሸሁም፤ ምናልባት ራሴን ስላላደነቅኩ ይሆናል።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ብርቄ ግን ስጦታዋን ዝም ብላ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። በሴቶች በኩል ቆማ ለአንዷም ለሌላዋም «የእኔ ጫማ በገና ማኅሌት ይቆማል፣ እኔ ራሴ ያልገባሁበት» ስትል ከረመች። ወሬው መጋረጃውን አልፎ ወዲያኛው ወገን ደረሰ። አንድ ጥብቅ ደብተራ ነበሩ፣ መቋሚያው ጣታቸውን የቀጠቀጠው እኒያው፣ ከአለቃ ዘንድ ሄዱ። «ሙሴ ጫማህን አውልቅ ተባለ እንጂ ጫማህን ተደገፍ አልተባለም» አሉ። መሪጌታም እኔም የገና ዋዜማ ደጀ ሰላም ተጠራን። ይህ ሁሉ ድካም እዚህ በር ላይ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ።

«እውነት ነው ወይ፣ ልጄ?» አሉኝ አለቃ። «ይሄ ጫማ ነው?»

«ነበር፣ አባቴ።»

«እግር ያውቀዋል?»

«የብርቄ እግር ያውቀዋል» አልኩ። መዋሸት አልቻልኩም፤ ብርቄ ራሷ ከአጥር ወዲያ ቆማ እያየች ነው።

ደብተራው «ይኸው ሰሙ» የሚል ፊት አሳዩ። አለቃ መቋሚያውን ተቀበሉ። ራሱን ዳሰሱት፣ በጥፍራቸው ጫን አሉት፣ አሸተቱት። ከዚያ ሊያስቡ ይሆናል፣ ወይ እግራቸው ደክሟቸው ይሆናል፣ ብብታቸው ሥር አደረጉትና ተደገፉት። ጠበቅን። ደብተራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አለቃ አልሰሙም፤ ዓይናቸውን ከድነዋል። ትንፋሻቸው እየረዘመ ሲሄድ መሪጌታ ቀስ ብለው «አባታችን» አሉ።

አለቃ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ነበር ያልነው?»

«የጫማው ነገር ነው» አሉ ደብተራው።

«አዎ፣ ጫማው።» መቋሚያውን እያዩ ቆዩ፤ ለመመለስ የቸኮሉ አይመስሉም። «ጫማ የት ነው የሚወልቀው?»

«ደጅ ላይ» አሉ ደብተራው።

«ይኸኛው እሳት ላይ ነው የወለቀው። ጫማነቱን አውልቆ ነው የመጣው።» መቋሚያውን ለመሪጌታ ሰጡ። «ይቁሙ» አሏቸው። ከዚያ እኔን ጠጋ ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «ከዚህ ጫማ የተረፈ አለ?» አሉኝ።

መሪጌታ በዚያ ገና ቆሙ፤ ከዚያም ወዲያ ገና በመጣ ቁጥር ሲቆሙ ኖሩ። እኔ በእኛ በኩል ሆኜ ከዘንጎቹ ድምፅ መሐል የእሳቸውን ለመለየት እሞክራለሁ፤ ለየሁት እላለሁ፣ ማን ይመሰክርብኛል። ብርቄ ቤታችን በመጣች ቁጥር ከሰላምታው አስቀድማ ግድግዳውን አይታ «ጫማዬ ደኅና ነው?» ትላለች። መሪጌታም «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» ይላሉ። ስሟንም በጸሎት ያነሡ ነበር፤ ቃል ቃል ነው።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። መቋሚያው እኔ ዘንድ ቀረ። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ሄዷል፣ ግን አጥንቱና ሥጋው እስከ ዛሬ አልተኳረፉም። የልጅ ልጄ የጥርስ ብሩሹን እንዲህ የማየው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷት ይሆናል። አሁን ግራ ጉልበት የሚያመኝ እኔ ነኝ፣ ጉድጓዱ ግን የእሳቸው ስለሆነ ለእኔ ልክ አይሆንም፤ ሰፋ ይልብኛል። እንዲያም ሆኖ በእሱ እደገፋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስደርስ የራሴን ጫማ በር ላይ አወልቃለሁ፤ የብርቄን ጫማ ይዤ እገባለሁ።